ማንም ያላየው ጭረት

ደም ሲያይ የማይደነግጥ ሰው አለ ይባላል፣ እኛ ቤት ግን አልተወለደም። የዛን ቀን ከሰዓት ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር፣ የጅማን ሐምሌ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አባራ ስትሉ ሌላው ከጅሬን በኩል እየመጣ ነው፣ እና የእህቴ ልጅ በግቢው በር ዝም ብሎ ገባ። አላለቀሰም። ግራ ጉልበቱ ተሰንጥቆ ደሙ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ኮንጎ ጫማው ወርዷል፣ እሱ ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ያየናል። ለምን እንደዛ እንደቆመ ያኔ ማንም አልጠየቀም።

እህቴ ጮኸች። እናቴ «ልጄ አለቀ!» እያለች ከማድቤት ወጣች። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብቅ አለ። «የት ነው የወደቅከው?» ሲባል «ቆርቆሮው ጋ» አለ፣ ቱቦው ላይ የተጋደመውን የዛገ ቆርቆሮ ማለቱ ነው፣ እና በቃ ቆርቆሮ ከማለቱ ግቢው በሙሉ ሐኪም ሆነ። ዝገት ነው! ቴታነስ ነው! አንዷ ጎረቤታችን በሚስማር ተወግቶ መንጋጋው ተቆልፎ ስለሞተ ዘመዷ መተረክ ጀመረች፣ ያውም ልጁ እየሰማ። አንዱ አሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍታችሁ ነስንሱበት አለ። አልኮል ያለ አለ፣ ሎሚ ያለ አለ፣ ዝም ብላችሁ ተዉት አየር ይንካው ያለም አለ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ጉልበቱ ልነግራችሁ ብዬ አይደለም፣ ጉልበቱ ድኗል። እስካሁን የሚመላለስብኝ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሲስተር ልጁን የጠየቁት ጥያቄ ነው። ሁለት ቃል ናት።

## መጀመሪያ ግን ቡናው

እናቴ ቡና ነስንሳበታለች። ጅማ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሁላችንም ጉልበታችን ላይ እየተነሰነሰብን ነው ያደግነው። የተወቀጠ ቡና በእፍኝ፣ ከላይ ጨርቅ ጠበቅ፣ አለቀ። ደም ያቆማል ትላለች፣ እና እውነቷን ነው፣ ደሙ ከዱቄቱ ጋር ቶሎ ይረጋል፣ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ የሚያስፈራው ቀይ ነገር ከዓይን ይጠፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ቡናው የሚያክመው እኛን ነው። ደሙ ሲጠፋ የሁሉም ትንፋሽ ይመለሳል፣ ከስር ያለው ጭቃ ግን እዛው ነው፣ ማንም አላጠበውም።

እና ዋናው ነገር ደግሞ ያ ጭቃ ነው። ስለ ቴታነስ ስናወራ ሁላችንም ዝገት ዝገት እንላለን፣ ዝገት ግን በራሱ ምንም አያደርግም። በሽታውን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ፣ አቧራ ውስጥ፣ የፈረስ ፋንድያና የከብት እበት ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ይቆያል። የዛገ ሚስማር ስሙ የጠፋው መሬት ላይ ተጥሎ ስለሚቆይና ጠባብና ጥልቅ አድርጎ ስለሚወጋ ነው። ባክቴሪያው ኦክስጅን አይወድም፣ ስለዚህ አፏ ቶሎ የምትዘጋ ጥልቅ ቀዳዳ ትመቸዋለች፣ ሰፊ ሆኖ ደም የሚያፈስ ቁስል ግን ያን ያህል አይመቸውም። አስቡት እንግዲህ፣ ሂርማታ ገበያ ፈረስና አህያ ሲመላለስበት የዋለ ጭቃ ላይ በስስ ነጠላ ጫማ ስትሄዱ እሾህ ወግቷችሁ አንዲት ጠብታ ደም ብትወጣ «ምንም አይልም» ተብሎ ይታለፋል፣ ደሙ የሚዥጎደጎደውን ይዘን ደግሞ ባጃጅ ፍለጋ እንሮጣለን።

ባጃጁን አገኘን። ሹፌሩም በመንገድ ላይ የራሱን መድኃኒት ነግሮናል፣ እሱን ልዝለለው።

## ጥያቄው

ጤና ጣቢያው ወረፋ ነበረው፣ ግን ደም የለበሰ ልጅ ወረፋ አይጠብቅም፣ ሰው ሁሉ ራሱ ነው «እለፉ እለፉ» ያለን። ያንንም ልብ በሉልኝ።

ሲስተሯ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ቡናውን ሲያዩ አልተቆጡም፣ «ይሄ ለአቦል ነበር የሚሆነው» ብለው ሳቅ አሉ። ቡናውን ለማስለቀቅ ብቻ ብዙ ቆዩ። የሚወርድ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጎዝ፣ እንደገና ውሃ። «ሲስተር፣ አልኮል አያደርጉበትም?» አልኩ። «አልኮሉ ለኔ እጅ ነው የኔ ልጅ፣ ክፍት ሥጋ ላይ ሲደረግ የሚድነውንም ይጎዳዋል» አሉኝ። ፐርኦክሳይዱንም ጠየቅኩ (ስጨነቅ ብዙ እጠይቃለሁ)፣ እሱም ያው ነው፣ አረፋ ሲያወጣ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳል አሉ። አየር ይንካው የሚለውን ሳነሳባቸው መልስም አልሰጡኝ፣ ጎዙን ማዘጋጀት ቀጠሉ። በኋላ ሳነብ እ.ኤ.አ በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል በአየር ደርቆ ቅርፊት ከያዘው ቀድሞ ቆዳ ያወጣል። 1962! እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

እና ይሄን ሁሉ እየሠሩ፣ ዓይናቸውን ከጉልበቱ ሳያነሱ ነው ልጁን «ለምን ሮጥክ?» ያሉት።

ማንም ሮጠ አላለም። እኛ ወደቀ ነው ያልነው። ከግቢው ጀምሮ እስከዛ ድረስ ያ ሁሉ ሰው የጠየቀው የት ወደቅክ፣ በምን ወደቅክ፣ ያምሃል ወይ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ስንት ዓመት የልጅ ጉልበት ሲያጥቡ ኖረው ቀስ ብሎ የሄደ ልጅ ጉልበቱ እንደዛ እንደማይሰነጠቅ ያውቃሉ። ልጁ እናቱን አየ። ሲስተሯም ሲያያት አዩት፣ እና እህቴን «እስቲ አንቺ ሄደሽ ካርዱን አስወጪልኝ» አሏት። ወጣች። እኔ ቀረሁ፣ አክስት አትቆጣም ብለው ይሆናል።

«ቡቺ ነው» አለ።

«ቡቺ ማነው የኔ ጌታ?»

«ውሻው።»

«አባረረህ?»

«ዳቦ ሰጥቼው... ከዛ ትንሽ ልወስድበት ስል...»

«ነከሰህ?»

«አልነከሰኝም! እንዲህ ብቻ ነው ያደረገኝ» አለና እግሩን አዞረ።

ከተረከዙ ከፍ ብሎ ሁለት መስመር። ደም የለውም። ጭቃ ደርቆበታል፣ ለብቻው ባየው አጥር የጫረው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ለዚህ ነበር ለካ ጀርባውን ለግድግዳው የሰጠው።

ሲስተሯ ጉልበቱን ተዉት። ጎዝ ጣል አደረጉበትና እግሩን ቧንቧው ስር አስገብተው ሰዓታቸውን አዩ። 15 ደቂቃ። ያንን ሁለት መስመር 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ። ረጅም ነው፣ ቤታችሁ ሞክሩትና እዩት፣ አምስት ደቂቃ ላይ ሰው በቃ ጸዳ ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ በረደው፣ ተነጫነጨ፣ እህቴ ካርዱን ይዛ ስትመጣ ሁላችንም ተረከዙ ላይ ተደፍተን አገኘችን፣ የሚደማው ጉልበት ደግሞ ብቻውን ቁጭ ብሏል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የላይኛው ሽፋኑ ቅባት ነው፣ ሳሙና ያንን ቅባት ይበጣጥሰዋል፣ ስለዚህ መታጠቡ ከክትባቱ በፊት ያለ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ሳሙና እቤት ነበረን። ውሃም ነበረን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ እኔ ይሄን ተረት ስሰማው የኖርኩት ታማሚ ሲወቀስበት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን በሽታ አልደበቀም፣ በሽታ መሆኑንም አያውቅ፣ የደበቀው ቁጣ ነው። እህቴ ያንን ውሻ እንዳትነካ ስትለው ነው የከረመችው፣ ማለቷም ልክ ነው፣ ግን እንዳትነካ ከሚለው ቀጥሎ «ቢነካህ ደግሞ ቶሎ መጥተህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» የሚል ነገር የለበትም። የማን ቤት ነው ያለበት? እኔም ሳድግ አልተባልኩም። እና ጉልበቱ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነለት፣ ሁሉም ወደዛ ሲያይ እሱ ተረከዙን ይዞ ሊያልፍ ነበር። ሳስበው አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሮጦ ባይወድቅ ኖሮ ጤና ጣቢያም አንሄድም ነበር። ውሻው ጫር አድርጎት፣ እሱ ዳቦውን ይዞ ቤቱ ገብቶ፣ ማታ እግሩን በጨረፍታ ታጥቦ ይተኛል። በቃ።

## ደም የማይነግረን

ከዛ በኋላ ማታ ማታ ሳነብ የገረመኝ ቫይረሱ በደም አይሄድም። በነርቭ ነው የሚሄደው፣ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ አንዳንዴ በሳምንት ይደርሳል፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ይቆያል። ፊትና አንገት ላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። የቴታነስ መርዝም እንደዛው ነርቭ ተከትሎ ነው የሚሠራው። ሰውን በጣም ከሚያስፈሩት ሁለቱ የቁስል በሽታዎች አንዳቸውም ከደሙ ብዛት ጋር ጉዳይ የላቸውም ማለት ነው፣ እኛ ግን መለኪያችን ደም ብቻ ነው። ደም ካለ ጩኸት፣ ከሌለ «ተነስ ተነስ ምንም አልሆንክም»።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ በደንብ ታጥቦ ክትባቱን በጊዜው የወሰደ ሰው ይተርፋል። በሁለቱ መሀል ያለው ያ የጉዞ ጊዜ ነው የኛ ዕድል፣ እሱ ጊዜ ደግሞ ምንም የማያም፣ ምንም የማይታይበት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል፣ 99 በመቶው ከውሻ ነው፣ ከተነካሾቹ ከመቶ አርባው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ለምን ልጆች ሲባል ቁመታቸው ነው፣ ጨዋታቸው ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ግን አለመናገራቸውም አለበት ባይ ነኝ።

ክትባቱን አለ በተባልንበት አጣነው፣ ወደ ሌላ ተላክን፣ እዛ ተገኘ። በዚህ ብዙ አልጽፍም፣ አገሩን ታውቁታላችሁ። ጥርሱ ቆዳ በስቶ ደም አውጥቶ ቢሆን ከክትባቱ ጋር ኢሙኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መድኃኒትም ቁስሉ ዙሪያ ይሰጥ ነበር፣ ጭረት ብቻ ስለሆነ ክትባቱ ብቻ ይበቃል ተባለ። ለጉልበቱ ደግሞ የቴታነስ ማጠናከሪያ ተወጋ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የወሰዳቸው ካርዱ ላይ አሉ፣ ግን ከዛ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፣ ቁስሉም ጭቃ የገባበት ነው።

እናቴ ክትባት መባሉን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። እሷ የምታውቀው ድሮ የውሻ መርፌ ሲባል እምብርት ዙሪያ በየቀኑ የሚወጋውን ነው። እውነቷን ነው፣ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው የድሮው ክትባት እንደዛ ነበር፣ እኛ አገርም ብዙ ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል፣ አዲስ አበባ የነበሩ ሰዎች «ፓስተር ሄዶ ተወጋ» ሲሉ ያንን ነው። ሰፈሩ ራሱ እስካሁን ፓስተር ነው የሚባለው፣ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ ሐምሌ 1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባል ውሻ የነከሰው የ9 ዓመት ልጅ የከተበው ሰውዬ ነው እንግዲህ። የአሁኑ ክንድ ላይ ነው፣ አራት ወይ አምስት ጊዜ ተከፋፍሎ። እናቴን ለማሳመን ልጁ ራሱ ሸሚዙን ከፍቶ ሆዱን ማሳየት ነበረበት።

## ሦስት ስም ያለው ውሻ

እቤት ስንመለስ ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው ውሻውን ሊገድሉ ወጥተው ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሲስተሯ ግን ስንወጣ ደጋግመው «ውሻውን እንዳትገድሉት፣ ከገደላችሁት የምናውቅበት ይጠፋል» ብለውን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውሻ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ካለ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይታመማል ወይ ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ያን ቀን ምራቁ ንጹሕ ነበር፣ የልጁም ክትባት ሊቆም ይችላል። ክትባቱ ግን ውሻውን እስክናይ አይጠብቅም፣ ወዲያው ይጀመራል። ውሻውን የገደለ ሰው እንግዲህ ያለችውን አንድ ምስክር ገደለ ማለት ነው፣ አንጎሉ ላብራቶሪ ካልተመረመረ በቀር።

ይሄን ዱላ ለያዘ ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ያዳነው ሥጋ ቤቱ ነው፣ ማለቴ ባለቤቱ። «መቻልን የሚነካ እኔን ይንካ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ፣ ለሱ ውሻው መቻል ነው። ለኛ ልጆች ቡቺ ነው። ታች ግቢ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ዲን ይሉታል፣ በየበሩ እየዞረ ስለሚፈትሽ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ፣ ይሄኛው የማይበላበት ቤት ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ለሁሉም ነው የሚጮኸው፣ እና ባለቤት የለውም። ስንጠይቅ አንድም ሰው የኔ ነው አላለም፣ ይገደል ሲባል ግን የሚከራከርለት ብዙ ነው።

በመጨረሻ ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ሰፋ ያለ ገመድ፣ ውሃ፣ አጥንት ተዘጋጅቶለት ታሰረ፣ ልጆች እንዳይጠጉ ተከለከለ፣ ባለሥጋ ቤቱም ምግቡን ከሩቅ እንዲያቀርብለት ተነገረው። ምን እንደምናይም ከእንስሳት ሐኪም ጠየቅን። ሁላችንም የምናስበው አረፋ የሚደፍቅ፣ ሰው ላይ የሚዘል ውሻ ነው፣ እሱም አለ፣ ግን ጸጥ ብሎ ጨለማ የሚፈልግ፣ መንጋጋው የሚንጠለጠል፣ ድምፁ የሚቀየር፣ መዋጥ የሚያቅተውም አለ። ስለዚህ ቢጮህም አስደነገጠን፣ ዝም ቢልም አስደነገጠን።

የዛን ሰሞን የሰፈራችን ሰላምታ ተቀየረ። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰው ደህና አደርሽ አይለኝም፣ «ውሻው አደረ?» ነው። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሃጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በዘንጋቸው ወደ ጓሮው እያመለከቱ «ሳሬን ሱን ጂራ?» ይሉኛል፣ ያ ውሻ አለ ወይ ነው፣ አለ ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ። ያንን ውሻ በልጅነቱ በድንጋይ ያልመታው የለም፣ ያኔ ግን ሳንባ ይዞለት የሚመጣው ሰው ብዛት! ባለሥጋ ቤቱ እንዲያውም ሥጋ አበዛችሁበት ሆዱን ያመውና ደግሞ ታመመ ትላላችሁ ብሎ ተቆጣ።

## ጉሮሮዬ

ስለ ራሴም ልናገር። ከዛ አንድ ቀን በፊት ያ ውሻ እጄን ልሶኛል። ሲስተሯን ጠይቄያቸው እጄን ገልብጠው አይተው፣ ምንም ያልተላጠ ቆዳ ላይ ምራቅ ምንም አያደርግም፣ ክትባትም አያስፈልግሽም ብለው ሸኝተውኛል። ገብቶኝ ነው የወጣሁት። ማታ ግን ስልኬን ይዤ ተኛሁ፣ ማንበብ ጀመርኩ፣ በሽታው የያዘው ሰው ውሃ ሲያይ ጉሮሮው እንደሚኮማተር አነበብኩ፣ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፣ እና በእግዜር ስም ጉሮሮዬ ያዝ አደረገኝ። እንደገና ጠጣሁ። ባሰ። እጄን መብራት ስር እያገላበጥኩ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ስፈልግ አነጋሁ።

ታዲያ የዛን ሰሞን ያነበብኩት አንድ ታሪክ ነው ያሳረፈኝ። እ.ኤ.አ በ1842 አሜሪካ ውስጥ ጆን ቶሮ የሚባል ሰው ምላጭ ሲስል ጣቱን ትንሽ ቆረጠው፣ ንቆ አሰረው፣ በቴታነስ መንጋጋው ተቆልፎ በቀናት ውስጥ ሞተ። ወንድሙ ሄንሪ፣ በኋላ ታዋቂ ጸሐፊ የሆነው፣ አጠገቡ ሆኖ ሲያስታምመው ነበር። ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ሄንሪም ያው ምልክት ጀመረው፣ መንጋጋው ግትር አለ፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ ልጅ ልናጣ ነው ብሎ ተሸበረ። ግን አካሉ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። ዳነ። በዛን ጊዜ ባክቴሪያው ራሱ አልታወቀም፣ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። እኔን የነካኝ ጆን ትንሿን ቁስል ናቀ፣ ሄንሪ ደግሞ በሌለ ቁስል ታመመ፣ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ። የኛም ቤት እንደዛ ነበር፣ ተረከዙን ማንም አላየውም፣ ጤነኛ እጄን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይ አነጋሁ። ስጋት አያስፈልግም የሚሉኝን ሰዎች ስለዚህ አልሰማቸውም። ስጋት አያንሰንም፣ ቦታውን ነው የሚስተው፣ እና ወደ ቦታው የሚመልሰው ደግሞ መረጋጋት የሚባለው ምክር ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። ምን ነካህ፣ ያ ነገር የት የነበረ ነው፣ ምን ያህል ገባ፣ ለምን ሮጥክ።

እህቴ በበኩሏ ጉልበቱን በየሰዓቱ ፎቶ ታነሳ ነበር። ቀልቷል፣ ሞቋል፣ ኢንፌክሽን ሆኗል፣ ፋርማሲ ሄደን አሞክሳሲሊን እንግዛ። አንድ ጎረቤት ከራሱ የተረፈ ግማሽ ቅጠል ይዞ መጥቶላታል። ሲስተሯ በእስክሪብቶ እብጠቱን ዳር ዳሩን አስምሩበት ብለውን ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ መሞቅና ማበጥ ሰውነቱ ሥራውን ሲሠራ ነው፣ ከመስመሩ አልፎ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰንበር ከታየ ግን ቶሎ አምጡት። በኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት ሁሌ አይታይም፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መዳሰስ ይሻላል፣ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ግማሹ ቅጠል ለባለቤቱ ተመለሰ። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር ያስጠነቀቀው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ከሚገባው በታች ሲወስድ ባክቴሪያው ይለምደዋል ብሎ። እብጠቱ ከእስክሪብቶው መስመር አላለፈም። እናቴ ይሄን ያየችው በቡናው ነው፣ ምን ብዬ ልከራከራት።

## በማን ስም

ውሻው አልሞተም። 10 ቀኑ ሲሞላ ባለሥጋ ቤቱ ራሱ ገመዱን ፈታው፣ ሐኪሞቹም አይተው የልጁን ክትባት አቆሙ። ልጁ አሁን ውሻ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ ይሄ ይለፈው ብለን ትተነዋል። እህቴ ግን አንድ ነገር ለምዳለች፣ ወድቆ ሲመጣ መጀመሪያ ተቀምጣ «እሺ፣ ከመውደቅህ በፊት ምን ነበር?» ትላለች። አንዳንዴ መልሱ ረጅም ነው፣ ደሙ እየወረደ ታሪኩን ይተርካል።

አሁን ሰፈሩ የያዘው ሌላ ጣጣ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻው ይከተብ አለ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱ ይቆማል፣ ዓለም እ.ኤ.አ በ2030 ከውሻ በሚመጣው የሚሞት ሰው እንዳይኖር ነው እየተባለ ያለው፣ በሽታው የሚታሰብበት የዓለም ቀን እንኳን ፓስተር የሞተበት ቀን ሆኖ መስከረም 18 ነው፣ ከመስቀል ማግስት፣ እስከዛ እንጨርስ አለን። ሁሉም እሺ አለ፣ ገንዘቡም ወዲያው ተዋጣ። ካርዱ ላይ ሲደርስ ነው የቆመው። የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ስም ይላል። የውሻውን ስም ተማሪዎቹ ፈቱት፣ ሦስቱም ይጻፍ፣ ቡቺ መቻል ዲን፣ ስም ከነአባት ከነአያት። ባለቤት የሚለው ላይ ግን ባለሥጋ ቤቱ እኔ ምግብ ብቻ ነው የምሰጠው አለ፣ ሃጂ ቤቴ ውሻ አይገባም አሉ፣ ተማሪዎቹ ሰኔ ላይ እንመረቃለን አሉ። ሁሉም የፈራው ነገ ሌላ ሰው ቢነክስ ካሳው በስሙ እንዳይመጣ ነው። ቅዳሜ ሐኪሙ ተመልሶ ይመጣል፣ ስም ከሌለ ካርድ አልሞላም ብሏል፣ እና ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያልፍ እኔን እያየ «አንቺ እኮ ነሽ የምታውቂው» እያለኝ ነው።